ጋሽ ሀብቴ የሳቁበት ፎቶግራፍ

ኤል ሴሪቶ ካለው የጥርስ ሐኪም ቤት ወጥቼ ሳን ፓብሎ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው ስልኬ የጮኸው። የደወለችው ሰናይት ናት፣ የጋሽ ሀብቴ ልጅ። «ሃሎ» ከማለቴ፣ «ጋሽ ታደሰ፣ አባዬ ሞተ። ዛሬ ጠዋት» አለችኝ። እንዲሁ ነው ያለችው። ደህና አደሩ የለ፣ የት ነዎት የለ፣ አጠገብዎ ሰው አለ ወይ የለ። አረፈ እንኳ አላለችም። ሞተ።

አውቶቡሱ መጣና በሩን ከፈተልኝ። ሾፌሯ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ሳልሳፈር ስቀር በሩን ዘግታ ሄደች።

ይህን የሰሙ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ሰናይትን ክፉኛ ወቀሷት። «ስኳር ያለበት ሽማግሌ መንገድ ዳር ብቻውን ቆሞ መርዶ እንዲህ ይነገረዋል? አሁን ይሄ የሰው ወግ ነው?» አሉ። እኔ ግን አልተቀየምኳትም። የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። ጋሽ ሀብቴ ራሳቸው በቁማቸው፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እየሰማሁ፣ «የሞትኩ ዕለት ለታደሰ ወዲያው ትነግሪዋለሽ። ሰው ሳትሰበስቢ፣ በስልክ፣ ሞተ ብለሽ» ብለው አስምለዋታል።

ለምን እንዲህ እንዳሉ ለመናገር ስለ አንድ ቅዳሜ ማውራት አለብኝ። ከዚያ በፊት ደግሞ ሰውዬው ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ። እኔ ብዙ የተማርኩ አይደለሁም፤ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ታገሡኝ።

እኔና ጋሽ ሀብቴ ኦክላንድ ውስጥ ለአዛውንት የተሠራ አፓርታማ ውስጥ፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ ግድግዳ ተካፍለን ነበር የምንኖረው። እሳቸው በጃንሆይ ጊዜ በስኮላርሺፕ እዚህ አገር መጥተው የውሃ ምሕንድስና የተማሩ ናቸው። ተመልሰው አገራቸውን አገለገሉ፤ በኋላ ነገሩ ሁሉ ሲበላሽ እንደገና መጥተው፣ እዚሁ ሠርተው ጡረታ ወጡ። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ፣ እዚህም ከመጣሁ በኋላ ፓርኪንግ ቤት ትኬት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። በወግ ቢሆን ከሰላምታ አልፈን የምንቀራረብ ሰዎች አልነበርንም።

የተዋወቅነው አሳንሰር ውስጥ ነው። እንደ ሐበሻ ጎንበስ ብዬ፣ «እንደምን አደሩ ጌታዬ፣ ደህና ነዎት፣ ቤተሰብ ሰላም ነው» ብዬ ሳልጨርስ፣

«ጥርስህ አይገጥምም» አሉኝ።

«አቤት?»

«ሰው ሠራሹ ጥርስህ። ስትናገር ያፏጫል። ሐኪሙ አበላሽቶብሃል። ሌላ ጋ ሂድ።»

ቤቴ ገብቼ መስታወት ፊት ቆሜ ብቻዬን ሳወራ እውነትም ያፏጫል። ያን ጥርስ ካስገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰው ጋር ስበላ፣ ጉባኤ መሀል ስጸልይ፣ ሠርግ ላይ ቆሜ ስመርቅ፣ አንድ ሰው አልነገረኝም። ሁሉም ፈገግ ይልልኝ ነበር። እኔም የወደዱኝ ይመስለኝ ነበር። በሳምንቱ ጋሽ ሀብቴ በራሳቸው ቀጠሮ አስይዘው ኤል ሴሪቶ ወሰዱኝ። ሞታቸውን የሰማሁት እንግዲህ ከዚያው ሐኪም ቤት ስወጣ ነው።

አንድ አመል ነበራቸው። ሰው ነገሩን ሲያዞርባቸው የቀኝ እጃቸውን ሌባ ጣት ቀስረው አየር ላይ እንደ መዘውር ያሽከረክራሉ። ግባ፣ ወደ ነገሩ ግባ ማለታቸው ነው። ስልክ ደውሎ፣ «እንዴት ነዎት፣ እንዴት ከረሙ፣ ጤናዎስ» የሚል ሰው ሲያጋጥማቸው ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው፣ ለኔ እየጠቀሱኝ ያቺን ጣት ያሽከረክሯታል። እኔ አፌን ይዤ እስቃለሁ። ክፋት የለበትም። ሲቀልዱም ሲቆጡም ያቺው ጣት ናት።

አንድ ጊዜ ሪችመንድ የሚኖር የምናውቀው ሰው እናቱ አገር ቤት ሞተውበት፣ ሽማግሌዎች ለመርዶው ጋሽ ሀብቴን አብረውን ይሂዱ ብለው መጡ። ሰውየው ሳይሰማ አራት ቀን አልፎታል።

«አራት ቀን ሙሉ ታውቃላችሁ?» አሉ ጋሽ ሀብቴ።

«ቅዳሜ ይሻላል ብለን ነው። ሁሉም ከሥራ ይወጣል።»

«የሞተችው የናንተ እናት ናት የሱ?»

«ኧረ የሱ ናት ጋሼ።»

«ታዲያ የሱን ሐዘን እናንተ ኪስ ውስጥ ምን ያደርጋል?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «አይ የተማረ ሰው» ብለው ወጡ። ጋሽ ሀብቴ ለልቅሶው ብቻ ሄዱ። እኔ ያን ዕለት እሳቸው ከልክ አለፉ ብዬ ነበር። መርዶ እንደዚህ ነው፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ባለሐዘኑ ብቻውን እንዳይወድቅ ይታቀፋል፣ ከዚያ ይነገረዋል። ደግ ነገር ነው ብዬ ነው የማውቀው። ዛሬም ክፉ ነው አልልም።

ጋሽ ሀብቴ ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ሰናይት ሳን ሆዜ ትኖራለች፤ ነርስ ናት። ዳዊት ደግሞ አገር ቤት ሐዋሳ ነው፤ እንደ አባቱ በውሃ ሥራ የተሰማራ፣ ጉድጓድ የሚያስቆፍር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚያ ሲመሽ፣ ይደውላል። ጋሽ ሀብቴ ጆሯቸው ደከም ስለሚል ስልኩን ስፒከር ላይ ያደርጉታል፤ ግድግዳችንም ስስ ነው። ስለዚህ እኔም ከዳዊት ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ የማወራ ያህል ነበር። ስለ ፓምፕ ይጨቃጨቃሉ፤ ስለ ኳስ ይጨቃጨቃሉ፤ ከዚያ አባትየው በሳቅ ሲያስሉ እሰማለሁ። ቡናዬን ይዤ ግድግዳው ሥር የምቀመጠው ለዚያ ነበር።

አንድ ሐሙስ ማታ ሰናይት በሬን ቀስ አድርጋ አንኳኳች። የነርስ ልብሷን እንደለበሰች ናት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ጎተተችኝ። ማሽኖቹ መሀል ቆማ፣ «ዳዊት በመኪና አደጋ ሞተ» አለችኝና ግንባሯን ማድረቂያው ላይ ደገፈች። ድምፅ አውጥታ እንዳታለቅስ ፎጣ ነክሳ ነበር።

ሲረጋጋላት የታሰበውን ነገረችኝ። ዳዊት ነገ አገር ቤት ይቀበራል። አባቷ ልባቸው ላይ ባትሪ ተገጥሞላቸዋል፤ ይህን እዚህ ብቻቸውን ሰምተው አንድ ነገር ቢሆኑስ? ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሳን ሆዜ እሷ ቤት ይነገራቸው ብለዋል። አንዱ ሌሊት ሺፍት አለው፣ አንዱ ታክሲ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ሰው አይሞላም። እዚህ አገር መርዶም ዊክኤንድ ይጠብቃል።

«ቅዳሜ ጠዋት ግን የዳዊትን ስልክ ይጠብቃሉ» አልኳት።

«እሱን አስቤበታለሁ። ስልኩን አፕዴት ላድርግልህ ብዬ ወስጄበታለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ሊያ የምትለው ቦታ እንወስደዋለን። ራሱ ሲጠይቀኝ የከረመው ነው፤ አይጠረጥርም። እርስዎም አብረውን ይሁኑ፣ ጋሽ ታደሰ። እኔ ብቻዬን ፊቱን ማየት አልችልም።»

ሊያ የሰናይት ልጅ ናት። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ከትምህርት ቤቷ ጋር ከኒውአርክ አለፍ ብሎ ያለ የድሮ ገበሬዎች መንደር ሄዳ ነበር፤ መንደሩን እንዳለ ሙዚየም አድርገውታል። እዚያ የነፋስ ወፍጮ አየሁ ብላ ለአያቷ ከነገረቻቸው ጀምሮ ጋሽ ሀብቴ፣ «መቼ ነው የምትወስዱኝ?» እያሉ ልጃቸውን ይነዘንዟት ነበር። ወፍጮ ይበሉት እንጂ እህል አይፈጭም፤ ውሃ ነው የሚስበው። ጋሽ ሀብቴ ወጣት መሐንዲስ ሳሉ ዝዋይ አካባቢ የተከሉት ዓይነት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ኮፍያቸውን አድርገው፣ ክራባት አስረው ጠበቁን። «ለወፍጮ ክራባት?» ብላቸው፣ «ለወፍጮ ነው እንጂ ለአንተ መሰለህ?» አሉኝ።

መኪና ውስጥ ገና ከመቀመጣቸው፣ «ስልኬስ? ዳዊት ይደውላል» አሉ።

ሰናይት መሪዋን እንደያዘች፣ «አፕዴቱ አላለቀም አባዬ። ለዳዊት ቴክስት አድርጌለታለሁ። ማታ ይደውላል» አለች።

«ታደሰ፣ ያንተን ስጠኝ እስቲ።»

ኪሴን ዳበስኩ። ሰናይት በመስታወቱ አየችኝ። «ቻርጅ የለውም ጋሼ» አልኳቸው። ስልኬ ጭኔ ላይ ይሞቀኝ ነበር።

መንደሩ ጥሩ ቦታ ነው። የቀጥቃጭ ቤት አለ፤ አንድ ክፍል ብቻ ያለው ትምህርት ቤት አለ፤ ፈረሶች፣ ዶሮዎች። የድሮ ዘመን ቀሚስና ኮፍያ የለበሰች ፈረንጅ ባልቴት ታስጎበኛለች። ሌላ ቀን ቢሆን እኔም በተደሰትኩ። ሰው ሁሉ ልጆቹን ይዞ ቅዳሜውን ያጣጥማል። እኛም ስንታይ እንደዚያው ነን፤ አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ አንድ የቤተሰብ ወዳጅ።

ወፍጮው ግን አይዞርም ነበር። ረጅም የብረት ማማ ላይ እንደ ትልቅ የሱፍ አበባ ተዘርግቶ ቆሟል። ሊያ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «ግራንድፓ፣ ኢት ኢዝ ብሮክን» አለች።

«አልተሰበረም። ነፋስ እየጠበቀ ነው» አሏት። «ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ ይመጣል። እንጠብቀው።»

እንጠብቀው ሲሉ ሰናይት በእፎይታ ዓይኗን ጨፈነች። እስከ አመሻሽ ማቆየት ነበረብን፤ እሳቸው በራሳቸው አፍ ልቆይ አሉ። እኔ ነኝ ያየኋት።

ወፍጮው ሥር የእንጨት ጠረጴዛ ነበር። ሰናይት ሳንድዊች አወጣች። ጋሽ ሀብቴ ለሊያ ያወራሉ፤ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ አማርኛውን ግን አንድም አይስታትም።

«አጎትሽ ዳዊት የአንቺን ያህል ሆኖ ዝዋይ አብሮኝ ይሄድ ነበር። የመጀመሪያው ውሃ ከቧንቧው ሲወጣ ሱሪውን አውልቆ ገንዳው ውስጥ ገባ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ሁሉ ቆመው እያዩ!»

«ኔከድ?» አለች ሊያ።

«እርቃኑን! ‹የኢንጂነሩ ልጅ ውሃችንን አቆሸሸ› አሉ። ማታ ሲደውል ጠይቂው፤ ይክዳል።»

ሰናይት ተነሥታ ሄደች። ሽንት ቤት ነው ያለችው። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነፋሱ መጣ። መጀመሪያ ባሕር ዛፎቹ ተንሿሹ። ከዚያ ከላይ ሲጥ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መዘውሩ ትንሽ ዞሮ ቆመ፣ እንደገና ዞረ፣ ከዚያ አልቆመም። ጋሽ ሀብቴ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከማማው መሀል የሚወርደው ብረት ወጣ ወረድ ማለት ጀመረ። ቧንቧው ሳል እንደያዘው ሰው ጉሮሮውን ጠራረገና ዝገት ያለበት ውሃ ተፋ፤ ቀጥሎ ንጹሕ ውሃ። ሊያ ጮኸች። ጋሽ ሀብቴ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው ከመዘውሩ ጋር እኩል ማሽከርከር ያዙ። «ግባ! ግባ!» ይሉታል ወፍጮውን። እኔን ዓይን ዓይኔን እያዩ ይስቃሉ። ኮፍያቸው በነፋሱ ወደቀ፤ አላነሡትም። በዚያ ሁሉ ዓመት እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ሰናይት ፎቶ አነሣቻቸው። እንድታነሣቸው የጠየቁት እሳቸው ናቸው።

«ለዳዊት ላኪለት። አሁኑኑ።»

ስልኳን ነካ ነካ አደረገች። «ላክሁለት።»

«አየው?»

«አይቶታል።»

«ምን አለ?»

እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ እላለሁ። አልመለሰም ብትል ኖሮ። ግን አባቷ እንደዚያ እየሳቁ፣ ውሃው እየፈሰሰ፣ ምን ታድርግ? «ደስ ብሎታል» አለች። «‹አባዬ ጎረመሰ› ይልሃል።»

«ጎረመሰ አለኝ?» አሉ ጋሽ ሀብቴ። «ጎረመሰ! ሰማህ ታደሰ?»

«ሰማሁ ጋሼ» አልኩ።

ወደ ሳን ሆዜ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ያቺን ቃል እየደጋገሙ ለብቻቸው ይስቁ ነበር። ሊያ ትከሻቸው ላይ ተኝታለች።

ሰናይት ሰፈር ስንገባ መንገዱ በግራም በቀኝም በመኪና ተሞልቷል። በሐበሻ መኪና፤ የፓስተሩን አወቅኩት። ሰዎቹ ትንሽ ራቅ አድርገው እንዲያቆሙ ተነግሯቸው ነበር፤ ረስተውታል።

«ይሄ ሁሉ መኪና ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ሀብቴ።

ሰናይት ቤቱ ፊት ለፊት አቆመች፤ ሞተሩን ግን አላጠፋችም። በመስኮት የቤቱ በር ክፍት ሆኖ፣ ባሏ ብሩክ ጥቁር ለብሶ ቆሞ ይታያል። ጋሽ ሀብቴ ጣታቸውን አነሡና ማሽከርከር ጀመሩ። ግባ፣ ወደ ነገሩ ግባ። ሰናይት መሪው ላይ ደፋ አለች። ጣታቸው እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ አየር ላይ ቆመ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

ከበሩ ጀምረው አንድ በአንድ አዩን።

«ብሩክ ያው በር ላይ ነው። ሊያ ይቺው። አንቺ አለሽ። ታደሰ አለ።» ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። «ዳዊት ነው።»

ሰናይት ያን ጊዜ ጮኸች። ሊያ ደንግጣ ነቃች።

«መቼ?»

«ሐሙስ» አልኳቸው እኔ፤ ሌላ የሚመልስ አልነበረም።

«ተቀበረ?»

«ትናንት ጋሼ።»

ልጃቸውን ሳያዩ፣ ዓይናቸው የፊት መስታወቱ ላይ እንዳለ፣ «ታዲያ ጎረመሰ ያለኝ ማን ነው?» አሉ።

ቤቱ ሲገቡ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እሪ አለ። እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ሰው ጸጥ ሲል፣ «ከመቼ ጀምሮ ታውቃላችሁ?» አሉ። ከሐሙስ አለ አንዱ፤ ከዓርብ አለ ሌላው። «እንግዲያው እናንተ አልቅሳችሁ ጨርሳችኋል። እኔ ገና መጀመሬ ነው። ሂዱልኝ» አሉ። በኛ ወግ ከልቅሶ ቤት ሂዱ ሲባል አይኬድም። ማንም አልተነሣም። እሳቸው ጥግ ይዘው ግድግዳ ሲያዩ አመሹ። አንድ እንባ አላየሁባቸውም። ልባቸውም አልቆመም።

ኦክላንድ ከተመለሱ በኋላ አንድ ቀን ቤታቸው ተቀምጠን፣ «ዓርብ፣ ዳዊት የተቀበረ ዕለት፣ እኔ ምን እያደረግሁ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«ዳማ እየተጫወትን ነበር።»

«አሸንፌህ ነበር።»

«አዎ።»

«ለቀህልኝ ነው?»

«ኧረ አይደለም ጋሼ። አሸንፈውኝ ነው።»

እውነቴን ነበር። እሳቸው ግን ዓይኔን ሲመረምሩ ቆይተው ተነሡና ዳማውን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀሉት። ከዚያ ወዲያ አልተጫወትንም።

ሐዘን የማያውቅ ሰው የለም። ሐዘኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀስ በቀስ በተሸከሙት ነበር ብዬ አስባለሁ። የጎዳቸው ሌላ ነው። ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ሰው ውጡ፣ እንሂድ፣ እንብላ ሲላቸው የሚመልሱት አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ሰናይት፣ «አባዬ፣ እሑድ ምሳ ልጋብዝህ» ስትል፣ «ማን ሞተ?» ይሏታል። እኔ ሐይቁ ዳር ዞር ዞር እንበል ስላቸው፣ «ማን ሞተ?» ስልካቸውን በገመድ አስረው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት፤ ሲተኙም አያወልቁትም። ልጃቸው ቻርጅ ላይ ልሰካልህ ስትል እጇን ያነሡታል። ያቺ የሚያሽከረክሯት ጣት ደግሞ ጭናቸው ላይ ተጋድማ ቀረች። ነገሩን የፈለግኸውን ያህል አዙርባቸው፤ ዝም ብለው ያዩሃል።

አንድ ቀን ሊያ ራሷ ደወለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ለልደቷ ልትጠራቸው ነው። በግድግዳው ሰማሁ። «ግራንድፓ፣ ካን ዩ ካም?» ስትል፣ «ማን ሞተ?» አሏት። ልጅቷ ስታለቅስም ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ሊያ ብልሃት አገኘች። ስትደውል ከሰላምታ በፊት፣ በአማርኛ፣ «ማንም አልሞተም» ትላለች። ቤታቸው ስትመጣም በሩ ላይ ቆማ፣ «ማንም አልሞተም ግራንድፓ። ማንም አልሞተም ጋሽ ታደሰ» ትለናለች። ሌላውን አማርኛ ሁሉ ትሰብረዋለች፤ ይቺ ግን ከአፏ ጥርት ብላ ትወጣለች። አያቷ ያን ጊዜ በሩን ይከፍቱላታል። አመኗት ማለት ግን አይደለም።

«ሰናይት ክፉ ልጅ አይደለችም» አሉኝ አንድ ጊዜ፣ ሳልጠይቃቸው። «ስለምትወደኝ ነው። ችግሩ እሱ ነው ታደሰ። የማያውቀኝ ሰው ቢነግረኝ አምናለሁ። የሚወደኝ ሰው ሲነግረኝ ግን ምን ብዬ ልመን?»

«እኔስ ጋሼ?»

«አንተም ትወደኛለህ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

መጨረሻ ላይ ኩላሊታቸው ከዳቸው። ሆስፒታል ልጠይቃቸው የሄድኩ ዕለት ነው ሰናይትን ስለ እኔ ያስማሏት። በዚያው ዕለት ሐኪሙ ወጥቶ ከሰናይት ጋር ተነጋገረ። እሷ ተመልሳ ገባች፤ አልጋው አጠገብ ቆመች፤ ነገሩን አላዞረችባቸውም።

«አባዬ፣ ሐኪሙ አትድንም ብሏል። ሳምንት ብትቆይ ነው።»

ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ በቀጥታ ዓይኗን ሲያዩ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። እኔም በልቤ፣ ተመስገን፣ አሁን ታረቁ አልኩ።

«እሺ» አሉ። «እሱ የኔ ነው። ሌላስ ማን ሞተ?»

«ማንም አባዬ። ማንም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደ ልጅ የሚያባብሉትን ሰው እሺ እንደሚሉት። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሰናይት እጃቸውን ይዛ ቀረች፤ እጃቸውን አልነሷትም፤ አልያዟትምም።

የቀብሩ ጸሎት ሳን ሆዜ ነው የተደረገው። አዳራሹ ስገባ ከፊት፣ አበባው መሀል፣ ፎቶግራፋቸው በትልቁ ተሰቅሏል። ኮፍያ የላቸውም፤ ክራባታቸው በነፋስ ትከሻቸው ላይ ተገልብጧል፤ ጣታቸው ወደ ላይ ነው፤ አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። ከኋላቸው ያለው መዘውር ስለሚዞር ደብዝዟል። ሰናይት ቀርባ፣ «ሌላ የሳቀበት የለኝም ጋሽ ታደሰ። ሁሉንም ፈልጌ አጣሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ በኋላ የተነሡት ሁሉ ወደ ጎን የሚያዩበት ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የሚያነሣቸው አልነበረም።

አጠገቤ የተቀመጠች ሴት እንባዋን እየጠረገች፣ «ሲያምሩ! ደስታቸው ሲያስታውቅ! መቼ ነው የተነሡት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አንድ ቅዳሜ ነው» አልኳት።

ከጸሎቱ በኋላ በሩ ጋ ቆሜ ሳለሁ ሊያ መጣች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል፤ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። እጄን ያዘችኝ። ሽማግሌ ሰው ሲያጋጥማት የምትለው አማርኛ አንዲት ናት፤ እሷኑ ልትለኝ አፏን ከፈተች።

«ማንም…» አለችና፣ ወደ ፎቶግራፉ ዞር ብላ አየች። ከዚያ እጄን እንደያዘች ዝም አለች።